አራት ያለኝ መሰለኝ

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለክኒን ነው። የክሊኒኳ ነርስ፣ "ባባ ምቴምቡ፣ የግፊት ክኒንዎን የዋጡበትን ቀን እየጻፉ ያምጡልኝ፤ በቃልዎማ አላምንዎትም" ብላ ሳቀችብኝ። ዛሬ ውጫለሁ። ይኸው ተጻፈ።

ገጹ ግን ሰፊ ነው፤ ለአንዲት ክኒን ይበዛል። ነርሷ ስትሸኘኝ፣ "ጆሮዎንም አንድ ቀን ይታዩ፤ ስምዎን ሦስቴ ነው የጠራሁት" አለችኝ። ሰዉ ያወራል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ በዚያ ጫጫታ መሐል ማን ስሙን ይሰማል? ደግሞስ ሃያ ሁለት ዓመት ያኖረኝ ጆሮዬ አይደለም ወይ? በኢሲፒንጎ የታክሲ ተራ፣ "ሙዚቃ ማስገባት የፈለገ ወደ ምፋናፉቲ ይሂድ" እየተባለ ስሜ የሚጠራው በጆሮዬ ነው። እኔ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ስፒከር፣ ከባሱ ጋር አጣጥሜ ድምፁን አስተካክላለሁ። ሴልቫን የባሱን ሳጥን ይሠራል፣ ሽቦ ይዘረጋል። ከተራው ጀርባ ባለችው ኮንቴይነር ውስጥ ሁለታችንም አብረን አረጀን።

ዲሴምበር እየመጣ ነው። ሹፌሩ ሁሉ ከበዓል በፊት ታክሲውን ማናወጥ ይፈልጋል። እዚህ ደርባን ወጣት ተሳፋሪ ታክሲ የሚመርጠው በባሱ ነው፤ ደረቱን ካልመታው ቆሞ ሌላ ይጠብቃል።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ክኒን ውጫለሁ። አራት መኪና። ወገቤ።

ሴልቫን ዛሬም እኔ የጨረስኩትን ነካካ። እጄን ስታጠብ በመኪናው መስተዋት አየሁት። አምፑ ላይ ጎንበስ ብሎ የድምፅ ቁልፏን ትንሽ ወደ ኋላ መለሳት። ከእኔ በኋላ እያመሸ የሚቀረውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። አናጢ ድምፅ ያርማል?

ቤት ስገባ ቶኮዚሌ ቴሌቪዥኑን ቀነሰችው። መልሼ ከፍ አደረግሁት። "ጎረቤቶቹ ዜና የሚሰሙት ከእኛ ቤት ነው፤ ክፍያ እንጠይቃቸው" አለች። ሚስቴ ቀልድ ትወዳለች።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ላንጋ ታክሲ ገዛ! ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ዛሬ የራሱን ይዞ መጣ። ነጭ ናት፤ አሮጌ ናት፤ ግን የእሱ ናት። እየዞረ በር በሩን ሲከፍትልን ሙሽሪቱን የሚያስተዋውቅ ነበር የሚመስለው።

"ባባ፣ ስሟን ልንገርዎት?" አለኝ።

"ማን አልካት?"

"'እናቴ ባየችው'።"

እናቱ አምና ነው የሞተችው። ሴልቫን ከሳጥኑ ቀና ብሎ፣ "እናትህ ብታየውማ 'መጀመሪያ ጎማውን ቀይር' ትልህ ነበር" ሲለው ላንጋ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ሁለት ትልልቅ ባሶችና አንድ አምፕ ይዞ መጥቷል። ፓይንታውን ካለ አንድ ሰው የገዛቸው ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ካርቶን የላቸው፣ ወረቀት የላቸው።

"ስንት ኦም ናቸው አለህ ሻጩ?"

"ባባ፣ እኔ የማውቀው መሪ ነው። ሻጩ 'ያናውጣል' ነው ያለኝ።"

እያንዳንዱ ባስ ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው፤ በሁለቱ አራት ጥቅል። ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ ነው፤ ይህ አምፕ ደግሞ ከአንድ ኦም በታች አይችልም። ጥቅሎቹ ባለ አራት ኦም ከሆኑ፣ አራቱንም ጎን ለጎን ሳስራቸው ልክ አንድ ይመጣልኛል። አምፑም ያለውን ጉልበት ሁሉ ይሰጣል። ባለ ሁለት ከሆኑ ግን በዚያው አስተሳሰር ግማሽ ኦም ይሆናሉ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ከባትሪው የሚሳበው ይበዛል፣ ሁሉም ነገር ይግላል። ለባለ ሁለት ሌላ አስተሳሰር አለ፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሰላም ግን ይገኛል። ያልተመጣጠነ በሬ የጠመደ ቀንበሩን ይሰብራል።

ባለ አራት ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ለላንጋ ጎደሎ ሥራ መስጠት አልፈልግም።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

የላንጋ ታክሲ አለቀች።

ሴልቫን ከጠዋት ጀምሮ ሐሳቡ ቤቱ ነበር። ሰኞ የእነሱ የሂንዱዎቹ የመብራት በዓል ነው። ሚስቱ ለጣፋጩ ቅቤና ዱቄት አምጣ እያለች ስልኩን እረፍት ነሳችው። ባሶቹን ሳጥን ውስጥ ከመክተቱ በፊት ታክሲው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ማግኔቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኩ መብራት ፈለገ። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ከኋላዬ ሦስት ታክሲ ሞተሩን አስነስቷል።

"ስንት ይላል?" አልኩት።

ጮኾ ነገረኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አራት።

የኦም መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ከተነገረኝ በኋላ ምን ያደርግልኛል?

ሴልቫን ባሶቹን በብሎን አጥብቆ፣ የጥቅሎቹን ሽቦዎች ወደ ውጭ አውጥቶ ሳጥኑን ዘጋ። ዋናውን ገመድ ከባትሪው ተነሥቶ በምንጣፉ ሥር እስከ ኋላ ወንበር አደረሰው። ባለ ሰማንያ አምፔሩን ፊውዝ አስገባ። ከዚያ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አንድ ነገር አለኝ። መልካም በዓል የተባባልን መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት። ትንሽ ቆሞ አየኝና ስልኩ ሲጮህ ሮጠ።

አራቱንም ጥቅሎች ጎን ለጎን አድርጌ ከአምፑ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ማስተካከል። የእኔ ዘዴ ቀላል ነው፤ ቁልፏን ቀስ እያልኩ እከፍታለሁ፣ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ እመልሳታለሁ። ዛሬ ግን አልሻከረም። እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ እንደ ማር ነው። ግሩም ዕቃ! ላንጋ ፊቱን ጨምደድ አደረገና ወዲያው ሳቀ።

"ባባ፣ ጥርሴ ተነቃነቀ!"

"ይልመድብህ" አልኩት።

አቀፈኝ። ክኒን ውጫለሁ።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

ላንጋ መጣ። ፊውዙ ተቃጥሎበታል። ተሳፋሪ ጭኗል፣ እየተንጫጩበት ነው። ሴልቫን የበዓል እንግዳ ስላለበት አልመጣም። ባለ ሰማንያውን አውጥቼ ባለ መቶ ሃያ አስገባሁለት። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

ፊውዙ ደግሞ ተቃጠለ። ላንጋ፣ "ባባ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል፤ የጋለ ነገር" አለኝ። አዲስ ሥራ ሲሟሽ ይሸታል አልኩት። ባለ ሁለት መቶ አስገባሁ። "ከእንግዲህ አይቃጠልም" አልኩት።

ከሰዓት ሴልቫን ገባና ፊት ለፊቴ ቆመ።

"ላንጋ ለምን መጣ?"

"ሰላም ሊለን።"

"ምቬላሴ፣ ጥቅሎቹን እንዴት አድርገህ ነው ያሰርካቸው?" በጎሳ ስሜ የሚጠራኝ ሲያከብረኝ ወይም ሲፈራልኝ ነው።

"እንደሚታሰሩት ነዋ።"

"ለክተሃቸዋል?"

"ለክቻለሁ። አንተ ሳጥንህን ሥራ፤ አናጢ ነህ።"

መጋዙን አነሣ።

ለምን ለክቻለሁ እንዳልኩት አላውቅም። ነገ ላንጋን ጠርቼ እለካዋለሁ። ነገ ሦስት መኪና አለብኝ። ቅዳሜ ይሁን።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

የላንጋ ታክሲ ተቃጠለች። ሰው አልሞተም። ላንጋ ሆስፒታል ነው።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

ተሳፋሪ የሚያሰልፈው ሰው ወንበር ስቦ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ነገረኝ። እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ነው፤ ታክሲዋ ሞልታ የኡምላዚን ዳገት እየወጣች ነበር። ከኋላ ወንበር ሥር ጭስ ወጣ። ተሳፋሪዎቹ "ጭስ! ጭስ! አቁም!" እያሉ ጮኹ። ላንጋ አልሰማም። ባሱ ድምፃቸውን ዋጠው። አንዱ ተንጠራርቶ ትከሻውን ሲመታው ነው ያቆመው። ያን ጊዜ ምንጣፉ ከዳር እስከ ዳር ተያይዟል። ሰዉ በበርም በመስኮትም ወጣ። እግሯ የማይታዘዝላት አንዲት አሮጊት ጎጎ ግን ከኋላ ቀረች። በድንጋጤ ተንሸራታቹ በር ተመልሶ ተዘግቷል። ላንጋ የጋለውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ጎትቶ ከፈተውና አሮጊቷን ተሸክሞ አወጣት። ልብሷ ብቻ ነው የተቃጠለው። የእሱ ግን ሁለቱም መዳፉ...

ተሳፋሪ አሰላፊው፣ "ብረቱ ላይ ቆዳው ቀርቷል" አለኝ። ይህን ባልሰማሁት።

ገመዱ ነው የቀለጠው። ገመድ ሊቀልጥ ሲል አስቀድሞ መበጠስ ያለበት ፊውዙ ነው፤ ፊውዝ የተሠራው ለዚህ ነው። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ! ለገመዱ የሚበቃው ሰማንያ ነበር።

እስከ ሆስፒታሉ በር ሄጄ ነበር። የጉብኝት ሰዓት እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል ይቀር ነበር። ተመለስኩ።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

የታክሲ ማኅበሩ ሰዎች መጡ። አራት ናቸው፤ ሊቀ መንበሩ ባባ ምዚሜላ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የገባው። እኔ መግቢያው ላይ፣ ሴልቫን ከጠረጴዛው ወዲያ ነን።

"ምቬላሴ፣ ለጠብ አልመጣንም" አለ ምዚሜላ። "ሰዉ ተቆጥቷል። ሹፌሮቹ ከእናንተ ዘንድ የወጣ መኪና መንዳት ፈርተዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አሳይተናል፤ ከዋናው ገመድ ነው የተነሣው ብሏል። ያን ገመድ የዘረጋው ማነው?"

"ገመድ የሚዘረጋው ሴልቫን ነው" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ገመድ የሚዘረጋው ሴልቫን ነው።

ሴልቫን አየኝ። ቆጣ ያለ ፊት አልነበረም። እንድቀጥል የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ምዚሜላም የምጨምረው ያለኝ ስለመሰለው ጠበቀኝ። በደጅ አንድ ታክሲ አለፈ። አልቀጠልኩም።

"አንተስ የምትለው አለህ?" ብሎ ምዚሜላ ሴልቫንን ጠየቀው።

"የገመዱ ሥራ የኔ ነው" አለ ሴልቫን።

ሌላው ሰውዬ፣ "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ተራ ዐይንህን እንዳናይ" አለው። ሴልቫን መጋዙንና መላጊያውን በከረጢት ከተተ። የቀረውን ዕቃ አላነሣም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበትን ጠረጴዛ በክንዱ ጠራርጎ ፍቅፋቂውን መሬት ላይ አራገፈና ወጣ።

ውሸት አይደለም። ስንት ጊዜ እንደዚህ ብዬ ልጽፍ ነው?

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ሦስት መኪና ተመለሰብኝ። ሦስቱም፣ "ድምፁ ይሻክራል፣ ጆሮ ይበላል" ይላሉ። አንዱ ሹፌር፣ "ድሮ ከእናንተ የወጣ መኪና ይዘምር ነበር፤ አሁን ያገሳል" አለኝ። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ምንም የሚሻክር የለም። ለእኔ የለም።

የድምፅ ቁልፎቻቸውን አየሁ። ሁሉም እኔ በተውኳቸው ቦታ ናቸው። ከእኔ በኋላ የነካቸው የለም።

ሥራ አቁሜ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ቶኮዚሌን ጠየቅኋት። እራት አቅርባ፣ ፑቱውን፣ ደረቁን የበቆሎ ገንፎ፣ በእርጎ እያራሰች ነበር።

"ጆሮዬ ደክሟል እንዴ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀመጥ ለካ ዓመታት ሆኗታል፤ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

"ባባ፣ በረንዳው ላይ ሆኜ ስጠራህ ዞር ትል የነበረው ውሻው ስለሚጮህ ነበር" አለች። "ውሻው የሞተ ጊዜ እንዴት እንደምጠራህ ጨንቆኝ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። ስንቴ! ትቆጣለህ። ሴልቫን 'ተይው፣ ሥራውን ካጣ ይሞታል፤ እኔ ከኋላው አለሁለት' አለኝ።"

ሴልቫን ለእሷ ነግሯታል። ስለ ጆሮዬ ሁለቱ ተመካክረዋል። ተናደድኩና ከማዕድ ተነሣሁ። ኩሽና ውስጥ ቆሜ የምናደድበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ዛሬ ማንም ሳያየኝ ሄጄ አየኋት። የተቃጠለችዋን ከተራው ጓሮ ጎትተው አቁመዋታል። በጎኗ "እናቴ ባየ" ድረስ ይነበባል።

የኋላው ሳጥን ዐመድ ሆኗል፤ የባሶቹ ማግኔቶች ግን ብረት ናቸውና አሉ። አንዱን አነሣሁት። ጥላሸቱን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ቁጥሩ በቀለም የተጻፈ አይደለም፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው።

ሁለት።

ሴልቫን አይቶታል። አንብቦታል። ታዲያ አራት ብሎ ይጮሃል? ጀርባው ነበር የሚታየኝ፤ ከንፈሩን አላየሁም። የመጣልኝ የሆነ ጩኸት ብቻ ነው። አራት ያለኝ መሰለኝ። እንዲሆን የምፈልገው አራት ስለነበረ። ኦክቶበር 18 የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩት፤ "አራት" ብዬ በነጥብ ዘግቼዋለሁ። በር ላይ ዞሮ ያለኝም መልካም በዓል አይመስለኝም አሁን።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ላንጋ ከሆስፒታል ወጥቶ እህቱ ቤት ነው። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። እጁ ለተቃጠለ ሰው በእጅ ተልጦ የሚበላ ነገር ይዤ መሄዴን ያወቅሁት በር ላይ ነው። እህቱ ልጣ አጎረሰችው።

ሐኪሙ ቆዳ ከጭኑ ወስዶ ተክሎለታል። የግራ እጁ ጣቶች ይታጠፉ ይሆናል። የቀኙ ግን እንጃ። የሚታጠፍ ነገር ሳይኖር መሪ እንዴት ይያዛል?

"ባባ፣ ያን ሴልቫን ምን አደረግሁት?" አለኝ። ቅርብ ነው የተቀመጠው፤ ደህና አድርጌ ሰማሁት። "በሰርጉም በኀዘኑም ያለሁ ሰው ነኝ። ገመዱን ችላ ብሎ በዓሉን ሊያከብር ሮጠ። እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ ፊውዙን እንኳ የሚያይልኝ አልነበረም።"

አፌን ከፈትኩ። እህቱ ሻይ ይዛ ገባች። አፌን ዘጋሁ።

በመጣሁበት ታክሲ ተመለስኩ። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል። ክኒን መዋጥ ከተውኩ ሳምንት አለፈኝ።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ክሊኒክ። የጆሮ ምርመራ። በትንሽ ክፍል አስገብተው ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን ይላሉ። መጀመሪያ አታለልኩ፤ በመስታወቱ የነርሷ ክንድ ሲንቀሳቀስ እያየሁ እጫን ነበር። ገባትና ፈገግ ብላ ጀርባዋን አዞረች። ከዚያ በኋላ ምንም ሳልሰማ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። አልቋል ብዬ ልነሣ ስል ገና ግማሹ ነበር።

ወረቀቱን አሳየችኝ። መስመሩ ቁልቁለት ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ የለም። መሻከር የሚባለው የሚገኘው እዚያ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ይሄ የዓመታት ነው፣ ባባ። አጠገብዎ የሚሠራ ሰው አላስተዋለም?"

አስተውሏል አልኳት። የመስሚያ መሣሪያ እስኪደርሰኝ ተራ ይዣለሁ፤ ረጅም ነው።

ኖቬምበር 30፣ እሑድ

የማኅበሩ ስብሰባ በተራው አዳራሽ ነበር። አርባ ያህል ሹፌር። ምዚሜላ፣ "የምትለው ካለህ ከአጀንዳው በፊት በል" ብሎ አስቀደመኝ። ላንጋ ይኖራል ብዬ አልገመትኩም። ከኋላ በር ጋ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁ ነጭ በነጭ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነው።

ለእሱ አስቀድሜ፣ ቤቱ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ይህም ሌላ ጥፋት ነው። ግን ያን ቀን ብቀመጥ ዳግም አልነሣም ነበር።

እንዲህ አልኩ፦ "ጆሮዬ አይሰማም። ሴልቫን ሁለት ብሎ ነገረኝ፤ ሳልሰማ ራሴን ነቀነቅሁ። መለኪያ ነበረኝ፤ አልለካሁም። ባሱንና አምፑን ሳላጣጥም አሰርኩ። ፊውዙ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፤ ሁለቴም አፉን በትልቅ ፊውዝ ዘጋሁት። የሴልቫን ገመድ ደህና ገመድ ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቁኝም ፊውዙን የቀየርኩት እኔ መሆኔን አውቄ ነው በሴልቫን ያመካኘሁት።"

አንድ ሰው ጮኸ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሌሎቹም ተነሡ። ምዚሜላ እጁን ዘርግቶ አስቀመጣቸው። እኔ የማየው ላንጋን ነበር።

ላንጋ ተነሣ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢያደርገው ደስ ባለኝ። ዞሮ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ተዘግቷል። እጀታውን አየው። የሚከፍትለት ሰው እስኪመጣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ጠበቀ። ከተቀመጡት አንዱ እስኪነቃ ድረስ ረጅም ጊዜ ቆመ።

ውሳኔው ይህ ነው፦ ከተራው እንድወጣ፤ የኮንቴይነሩ ዕቃ ተሽጦ ለላንጋ ሌላ መኪና እንዲገዛ፣ ማኅበሩም የጎደለውን እንዲሞላ፤ እስኪድን በእሱ ፈንታ የሚነዳ ሰው እንዲቀጠርለት። ሴልቫን ስሙ ነጽቶ እንዲመለስ። ምዚሜላ ሲሸኘኝ፣ "ለሴልቫን አንተው ንገረው፤ ይህ በመልእክተኛ አይላክም" አለኝ።

ኖቬምበር 30፣ በኋላ

ለቶኮዚሌ ነገርኳት። ራሴን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆየች። የሆነ ነገር ትናገር ነበር፤ አጥንቷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይሰማኝም። እንድትደግመው አልጠየቅኋትም።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

ዛሬ ቻትስዎርዝ፣ ሴልቫን ቤት ሄድኩ። ከሚስቱ ወንድም ጋር የኩሽና ቁም ሣጥን እየሠራ ነው። ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት፤ ብሩሽ ይዞ ቫርኒሽ ይቀባል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ብሩሹን ግን አልጣለም። የያዛትን በር ጨርሶ ቀባ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና ፊት ለፊቴ፣ በጣም ቅርብ ቆመ።

አዳራሽ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ደግሜ ነገርኩት። ሰምቷል፤ ወሬው ቀድሞኛል። ማኅበሩ ተመለስ እንዳለው ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት።

ከንፈሩን እንዳይ ቀስ እያለ ነው የተናገረው።

"ጆሮህን ካወቅሁ ስድስት ዓመት ነው፣ ምፋናፉቲ። ላላሳፍርህ ብዬ ከኋላህ እየዞርኩ አርም ነበር። ያን ቅዳሜ በር ላይ 'ሳትለካ እንዳትከፍት' ብዬህ፣ እጅህን ስታውለበልብ እንዳልሰማህ ገብቶኛል። ተመልሼ መግባት ነበረብኝ፤ ቅቤ ልገዛ ሮጥኩ። ፊት ለፊት 'ጆሮህ ሄዷል' ብዬህ ቢሆን ኖሮ ላንጋ ዛሬ ጣቶቹ ይታጠፉለት ነበር። ይህ የእኔ ነው፤ ይዤው እኖራለሁ።"

"ያንተ ጥፋት አይደለም" አልኩት።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስላልሰማኸው አልቀየምህም። በሽታ ነው። ምዚሜላ መጥቶ 'ማነው የዘረጋው?' ሲልህ ግን ሰምተኸዋል። አጠገብህ ነበር የቆመው። ያን ቀን ጆሮህ ደህና ነበር።"

እጁን ደግሞ በጨርቁ ጠረገ።

"እዚያ ተራ አልመለስም" አለ። "ሠራተኛ ፈልገው ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። አንተም ለጊዜው እዚህ ቤት አትምጣ። ሚስቴ ሻይ አቅርቢ ብላት ታቀርብልሃለች፤ እኔ ግን አብሬህ ልጠጣው አልችልም።"

ብሩሹን አነሣና ወደሚቀጥለው በር ሄደ። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ቶኮዚሌ የመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ትጠብቀኝ ነበር። መልኬን አይታ ክንዴን ያዘችኝ።

"ምን አለህ? ደህና አድርገህ ሰማኸው?"

አንድም ቃል አላመለጠኝም አልኳት።